ቀለሙ በበሩ ገባ

ፕሮጀክተር ሲበላሽ አዳራሽ ሙሉ ሰው አንገቱን ወደ ኋላ አዙሮ አንተን ነው የሚያየው። ሲሠራ ግን መኖርህን የሚያስታውስ የለም። ሐዋሳ ውስጥ ሐይቁ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ የአዳራሽ ቴክኒሻን ነኝ። ዘጠኝ ዓመት ሊሆነኝ ነው። ማይክ፣ ስፒከር፣ ፕሮጀክተር፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ መጸለይ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ግን እንደዚያች ቅዳሜ አንገት ዞሮብኝ አያውቅም።

ሰኔ መጨረሻ ነበር። አንድ መዋዕለ ሕፃናት ለዓመቱ መዝጊያ አዳራሹን ተከራየ። ሰርተፍኬት ይታደላል፣ ኬክ ይቆረሳል፣ ከዚያ ፊልም። ማናጀራችን ጠራኝና «አንተ ልጅ ሆነህ የምትወደው ፊልም አልነበረም? አንዱን ምረጥላቸው» አለኝ። አላሰብኩም። አፌ ላይ የመጣው «የኦዝ ጠንቋይ» ነው።

ይህን ፊልም ያየሁት እዚሁ ሐዋሳ፣ ጎረቤታችን ቤት ነው። ሰፈሩ ውስጥ ዴክ የነበራቸው እነሱ ብቻ ናቸው። እሑድ ከሰዓት ጫማችንን በር ላይ አውልቀን ሰሌኑ ላይ እንደረደራለን። ካሴቱን ውጭ አገር ያለ ዘመዳቸው ነው የላከው። ሌላ የልጆች ካሴት ስላልነበረ ያንኑ ደጋግመን አየነው፤ ሠላሳ ጊዜ ብል አላጋነንኩም። ቴሌቪዥኑ ጥቁርና ነጭ ነው። ጋሼ ፊቱ ላይ ሰማያዊ ፕላስቲክ ለጥፈውበት ስለነበር እኛ «ከለር» ነበር የምንለው። ሰማዩም ሰማያዊ፣ ሣሩም ሰማያዊ፣ አንበሳውም ሰማያዊ።

እንግሊዝኛ የሚችል አልነበረም። ስምንተኛ ክፍል የምትማረው የቤቱ ትልቅ ልጅ ታስተረጉምልን ነበር። እሷ እንዳለችው የፊልሙ ልጅ ዶሮቲ አባቷን ፍለጋ ነው የሄደችው። ቆርቆሮው ሰውዬ ደግሞ ድሮ ወታደር ነበር፤ ዝናብ ላይ ዘብ ቆሞ ነው የዛገው። ገለባ የተሞላው ማስፈራርቾ የአንድ ክፉ ባለርስት እርሻ ጠባቂ ነው። እስከዚያች ቅዳሜ ድረስ ይህን ሁሉ አምኜ እኖር ነበር።

ትምህርት ቤቱ ለወላጆች የበተነው ወረቀት ላይ የፊልሙ ሥዕል ነበረበት። ቢጫ መንገድ፣ አረንጓዴ ከተማ፣ ቀይ ጫማ። ሳየው ሳቅኩ። ለካ ፊልሙ ባለቀለም ነው፤ ጥቁርና ነጭ የነበረው የጋሼ ቴሌቪዥን ነው አልኩ። ግማሹ ልክ ነበር። ጉድ ያደረገኝ ያ ግማሽ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ፕሮጀክተሩን ሞከርኩት። የእግር ኳስ ቪዲዮ ለቀቅኩ። ሣሩ አረንጓዴ፣ ማልያው ቀይ። ድምፁንም በአንድ ዘፈን ሞከርኩ። ፊልሙን ግን አልከፈትኩትም። ሠላሳ ጊዜ ያየሁትን ፊልም ምን ብዬ ልሞክረው?

ስምንት ሰዓት ላይ ወደ መቶ አርባ የሚጠጉ ልጆች ከነወላጆቻቸው ገቡ። ዳይሬክተሯ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ድምፃቸው ለስላሳ ሴት ናቸው። ማይኩን ይዘው ጎን ቆሙ፤ የሚያስተረጉሙት እሳቸው ናቸው። ኋላ የተቀመጡት ልጆች ላፕቶፑን እያዩ ዞረው እንዳይቀሩብኝ ምስሉ ወደ ፕሮጀክተሩ ብቻ እንዲሄድ አደረግኩ። የላፕቶፑ ስክሪን ጨለመ። ይህችን ነገር ያዙልኝ።

ፊልሙ ተጀመረ። ቡናማ ነው።

ጥቁርና ነጭ ቢሆን እንኳ ባልደነገጥኩ። ይሄ ግን ሻይ የፈሰሰበት ፎቶ ነው የሚመስለው። ሰማዩ ቡናማ፣ ልጅቷ ቡናማ፣ ውሻው ቡናማ። ወዲያው ገባኝ፤ ማለት የገባኝ መሰለኝ። ላፕቶፑን ከፕሮጀክተሩ በሚያገናኘው የቪጂኤ ኬብል ውስጥ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ በየራሳቸው ፒን ነው የሚሄዱት። የሰማያዊው ፒን ሲላላ ምስሉ ወደ ቢጫ ያደላል። አንዱ ልጅ ሲሮጥ ኬብሉን ረግጦት ይሆናል አልኩ። አቆምኩት።

ኬብል ቀየርኩ። ቡናማ። እንደገና አቆምኩትና ኤችዲኤምአይ የሚባለውን ሌላ ዓይነት ኬብል ሰካሁ። ቡናማ። የፕሮጀክተሩን ሜኑ ከፍቼ የቀለሙን ቁጥር እስከ ጥግ ወሰድኩት። አሁን ደግሞ ብርቱካናማ የሆነ ቡናማ መጣ። መለስኩት። አንዱ ልጅ ጁስ ደፋ፣ ሁለቱ ተደባደቡ፣ ሽንት ቤት የሚለው በዛ። ማናጀሩ በር ላይ ቆሞ በእጁ «ምንድነው?» ይለኛል። እኔም በእጄ «አንድ ደቂቃ» እለዋለሁ።

ዳይሬክተሯ መጡ። «የኔ ልጅ፣ አንዴ ላናግርህ?»

«አንድ ደቂቃ ብቻ እትዬ፣ ይኸው ጨርሻለሁ።»

ተመለሱ። ትንሽ ቆይተው ደግመው መጡ። «ልጄ፣ ይሄ እኮ…»

«ኬብሉ ነው እትዬ። ገብቶኛል።»

ዛሬ የሚቆጨኝ ሌላ ነገርም አለ። ዶሮቲ ስለ ቀስተ ደመና የምትዘፍነው እዚያው ቡናማው የፊልሙ ክፍል ላይ ነው። ቀለም የሌለበት ቦታ ቆማ ነው ቀስተ ደመና የምትናፍቀው። እኔ ያንን ዘፈን ሁለት ጊዜ ከመሃሉ ቆረጥኩት። ሳነብ እንዳገኘሁት ፊልሙን የሠራው ኤምጂኤም ራሱ፣ ሙከራ ካሳየ በኋላ ዘፈኑ ታሪኩን ያንዛዛል ብሎ ሊያወጣው ነበር። በመጨረሻ ተወው፤ ዘፈኑም ኦስካር አገኘ። ሐዋሳ ላይ ግን ሳይቆረጥ አላመለጠም።

እጅ ሰጠሁ። ማይክ አንስቼ «ውድ ወላጆች፣ በቴክኒክ ችግር ምክንያት ፊልሙ በቀለም ስለማይታይ ይቅርታ እንጠይቃለን» አልኩ። ወላጆች አጉረመረሙ። አውሎ ነፋሱ ቤቱን እያሽከረከረ ሲወስደው እኔ ጠረጴዛው ስር ገብቼ ኬብሉን ለመጨረሻ ጊዜ እየነካካሁ ነበር። ቤቱ ዱብ አለ። ፀጥታ። ዶሮቲ ወደ በሩ ሄደች፣ ከፈተችው።

አዳራሹ ጮኸ።

ብቅ ስል ስክሪኑ ላይ የሌለ ቀለም የለም። ቢጫው፣ ሮዙ፣ አረንጓዴው፣ የሴትዮዋ ቀሚስ፣ የሐምራዊ አበባው ብዛት። ልጆቹ ወንበር ላይ ቆመው ያጨበጭባሉ። የሚያጨበጭቡት ለኔ ነው። እጄ አሁንም ኬብሉ ላይ ነው። አንድ አባት ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረገኝ። ማናጀሩ እየሳቀ መጣና «አንተ እኮ ጉድ ነህ! ምን ነበር?» አለኝ።

«ኬብሉ ነበር» አልኩት።

እንዴት እንደወጣኝ አላውቅም። ቀለሙ እኔ ያመጣሁት አለመሆኑ ገብቶኛል፤ ኬብሉን ከነካሁት ቆይቻለሁ። ግን መቶ አርባ ልጅ ሲያጨበጭብልህ «እኔ አይደለሁም» ማለት ቀላል አይደለም። በአገልግሎት ሥራ ላይ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። ጭብጨባ በዓመት አንዴ ነው የሚመጣው።

ከዚያ በኋላ ቁጭ ብዬ አየሁት። ጫማው ቀይ ነው ለካ። በኛ ቴሌቪዥን ጥቁር ሰማያዊ ነበር፤ ሁላችንም የትምህርት ቤት ጫማ ነው ብለን ነበር የምናስበው። ዳይሬክተሯ ሲያስተረጉሙ ደግሞ ዶሮቲ አባቷን አትፈልግም፤ ወደ ቤቷ መመለሻ ነው የምትፈልገው። ወታደር የሚባል ነገርም የለም። ሰውዬው ዛፍ ሲቆርጥ ዝናብ መትቶት ነው የዛገው። ትንሽ ቅር አለኝ። የኛዋ አስተርጓሚ ታሪክ ይበልጥ ነበር።

ልጅ ሆኜ በጣም ያስፈራኝ የነበረው ባለክንፎቹ ጦጣዎች ሲመጡ ነው። ፊቴን በእጄ ሸፍኜ በጣቶቼ መሃል ነበር የማያቸው። አሁን ልጆቹ ይጮኹብኛል ብዬ ስጠብቅ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አንዷ ሕፃን «ዳቦ ሊሰርቁ ነው!» አለች። ምን ታድርግ? ሐዋሳ ላይ ያደገ ልጅ ጦጣ ማለት ሐይቅ ዳር ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ ሳምቡሳ የሚነጥቅ ነው። ክንፍ ቢጨመርለት አይገርመውም።

ፊልሙ ወደ አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ነው። እኔም ተረጋግቻለሁ፣ ማናጀሩም ወንበር ስቦ ተቀምጧል። ዶሮቲ ቀይ ጫማዋን ሦስት ጊዜ አጋጨች። ዓይኗን ጨፈነች። አልጋዋ ላይ ነቃች።

ቡናማ።

«ውይ!» አለ አዳራሹ። ማናጀሩ ተስፈንጥሮ ተነሳ። «ኬብሉ! ኬብሉ እንደገና ሄደ! ቶሎ በል!» እኔ አልተንቀሳቀስኩም። የምነካው ነገር አልነበረም።

ዳይሬክተሯ ማይኩን ወደ አፋቸው አስጠጉ። «ልጆች፣ አያችሁ? አሁን ቤቷ ገባች። ቤቷ እንዲህ ነው። መጀመሪያም እንዲህ ነበር» አሉ። ልጆቹ ወዲያው ገባቸው። «እሺ» ብለው ቁጭ አሉ። ያልገባን እኔና ማናጀሩ ብቻ ነን፤ ኋላ እሱም ገባው። ቀስ ብሎ ወደኔ ዞረ።

ሰው ሲወጣ ዳይሬክተሯ አጠገቤ ቆም አሉ። «ኬብሉ ነበር አይደል?» አሉኝ። ሲስቁ ዓይናቸው ይጠፋል። ልናገር ብል ቃል አጣሁ።

ሰኞ ቢሮ ተጠራሁ። ማናጀሩ አልተቆጣም፤ እሱ ነው የባሰኝ። «ፊልሙ እንዲህ መሆኑን አለማወቅህ ምንም አይደለም። ግን ኬብሉ ነበር ያልከኝ ለምንድነው?» አለኝ። እውነቱን ነገርኩት። ስላጨበጨቡልኝ ነው አልኩ። ትንሽ ዝም አለና «ለኬብል ያስገዛኸኝ ብር ግን ከምን ይወራረድ?» አለ። በዚያ ግርግር መሃል አዲስ ኬብል አስልኬ አስገዝቼ ነበር። እስካሁን ካርቶኑ ውስጥ አለ።

ለሙያ ጓደኞቼ የምለው አንድ ነገር አለኝ። ቀለም ሲጠፋ መጀመሪያ የሚታየው ምንጩ ነው። የላፕቶፑ ስክሪን ክፍት ቢሆን ኖሮ እዚያም ቡናማ መሆኑን በሦስት ሰከንድ አየው ነበር። ላፕቶፑ ላይም ቡናማ ከሆነ ኬብል መቀየር ምን ያደርጋል? አሁን ሁልጊዜ ሁለቱም ላይ እንዲታይ ነው የማደርገው። ለልጆች የሚታይ ፊልም ከሆነ ደግሞ ማታ ቤቴ ወስጄ እስከ መጨረሻው አየዋለሁ። መቶ ጊዜ ያየሁት ቢሆንም።

ያቺን የበር ትዕይንት ከዚያ ወዲህ ደጋግሜ አይቻታለሁ። ፊልሙ የተሠራው በ1939 እ.ኤ.አ. ነው። ኮምፒውተር የለ፣ ምን የለ። ታዲያ እንዴት በአንድ ምስል ላይ ውስጡ ቡናማ፣ በሩ ማዶ ባለቀለም ይሆናል? ያደረጉት ነገር ቀላል ነው። የቤቱን ውስጥ በቡናማ ቀለም ቀቡት። በሩን የምትከፍተውም ዶሮቲ ራሷ አይደለችም፤ ቡናማ ቀሚስ የለበሰች ሌላ ሴት ናት። ጀርባዋን ሰጥታ ትከፍትና ገለል ትላለች። ከዚያ ዶሮቲን የምትጫወተው እውነተኛዋ ጁዲ ጋርላንድ በሰማያዊ ቀሚሷ ትገባለች። ባለቀለሙ ፊልም ከመጀመሪያውም ሲቀርጽ ነበር። እኔ ኬብል ይዤ ፒን ስፈልግ እነሱ ነገሩን በባልዲ ቀለምና በብሩሽ ጨርሰውታል።

ዳይሬክተሯ ፊልሙ የተወሰደበትን መጽሐፍ አዋሱኝ። ፍራንክ ባውም በ1900 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ነው። እንግሊዝኛዬ እየተንገዳገደ አነበብኩት። የዶሮቲ አገር ካንሳስ ገና ከጅምሩ ግራጫ ነው፤ ሜዳው፣ ቤቱ፣ የአክስቷ ዓይን ሳይቀር። ፊልም ሠሪዎቹ ቡናማውን ከባዶ አላመጡትም። ጫማው ግን በመጽሐፉ ቀይ አይደለም፣ የብር ነው። ቴክኒከለር በሚባለው አዲስ የባለቀለም ፊልም ዘዴ ደምቆ እንዲታይ ብለው ነው ቀይ ያደረጉት።

ከሁሉ የገረመኝ አረንጓዴው ከተማ ነው። በመጽሐፉ በር ጠባቂው ለሚገባ ሰው ሁሉ አረንጓዴ መነጽር ያደርግለታል። እንዳያወልቀውም በቁልፍ ይቆልፍበታል። ለውሻዋም ሳይቀር። ኋላ ጠንቋዩ ራሱ እንደሚናዘዘው ከተማው ከሌላው ከተማ የተለየ አረንጓዴ አልነበረም። እዚህ ጋ መጽሐፉን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ብቻዬን ሳቅኩ። የጋሼ ሰማያዊ ፕላስቲክ ነው የታወሰኝ። በአራቱም ጥግ በፕላስተር ተለጥፎ ነበር፤ ማንም እንዳይነካው።

ማናጀሩ ግን እስካሁን አለቀቀኝም። ባለፈው ሳምንት አንድ መሥሪያ ቤት ለስብሰባ መጥቶ ነበር። የመጀመሪያው ስላይድ ግራጫ፣ ሁለተኛውም ግራጫ፣ ሦስተኛው በቁጥር የታጨቀ ግራጫ ሰንጠረዥ። ሰውየው ገና ስለ መግቢያው ያወራል። ማናጀሩ ከኋላ መጥቶ ጆሮዬ ላይ ጎንበስ አለ።

«በሩ ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚከፈተው?»