ሐዲዱ ላይ ዳገት የለም

ዛሬ ስብሰባ ላይ አንዲት እናት የተናገሩት ነገር ከጆሮዬ አልወጣም።

ጉዳዩ ባቡር ካለፈበት ዓመታት ያስቆጠረው ሐዲድ ነው። የእግረኛ መንገድ ይሁን ወይስ ይቅር? አንዱ «የማላውቀው ሰው ሁሉ በደጄ ሊያልፍ ነው» አለ። ሌላው «ድልድዩን ማን ይጠግናል?» አለ። ሁለቱም ስጋታቸው ልክ ነው።

እኚህ እናት ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሱ። «ልጆቼ፣ እኔ ዳገት መውጣት ትቻለሁ። ሐዲዱ ላይ ግን ዳገት የለም።» ይህን ብለው ተቀመጡ።

እውነታቸውን ነው። የብረት ጎማ ብረት ላይ ስለሚንሸራተት ባቡር ቀጥ ያለ ዳገት አይችልም። በ100 ሜትር 2 ሜትር ከፍታ እንኳ ይከብደዋል። ለዚህ ነው ኮረብታው ተቆርጦ፣ ሸለቆው ተሞልቶ መስመሩ የተዘረጋው። ያ ሁሉ ልፋት አሁን ጉልበቱን ለሚያመው፣ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድ፣ የሕፃን ጋሪ ለሚገፋ ሊሆን ይችላል። ስፔን እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ እንዲህ ያለ መንገድ እየሠራች ዛሬ ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ አላት።

ሥራው ግን ቀላል አይደለም። ከሐዲዱ ሥር የተጋደሙት እንጨቶች ብዙ ጊዜ እንዳይበሰብሱ ክሪዮሶት በሚባል ቅባታማ ኬሚካል የተነከሩ ናቸው። መርዛማ ስለሆነ ለማገዶ እንኳ አይሆኑም፤ በጥንቃቄ መነሳት አለባቸው። ጠጠሩም ለእግር አይመችም።

ስብሰባው ሳይወሰን ተበተነ። ስወጣ እናትየዋ ሐዲዱ ዳር ቆመዋል። «እስከ ድልድዩ ትሸኘኛለህ ልጄ?» አሉኝ።

ሦስቴ አረፍን። ግን ደረስን።