በጅብ ኩስ ውስጥ የአህያ ፀጉር፦ ደሴ ዙሪያ እንዴት እንደሠራሁ

ትግራይ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ በዓቢይ ጾም 55 ቀናት የሥጋ ትርፍራፊ ሲጠፋ የአህያ ፀጉር የተገኘበት የጅብ ኩስ ከ14.8 ወደ 33.1 በመቶ ወጥቷል። ጅብ የበላውን ከኩሱ ፀጉር የመለየቱን ይህንኑ ዘዴ ወሎ ላይ ስሞክር መጀመሪያ ያስተካከልኩት መዝገቡን ነው። እዚህ ክርስቲያኑ ሲጾም ሙስሊም ጎረቤቱ ያርዳል፤ ረመዳንም ሥጋ አይከለክልም። ስለዚህ «ጾም» እና «ፍስክ» የሚሉ ሁለት ዓምዶች አይበቁም፤ አረፋ፣ ፋሲካና የገበያ ቀን ለየብቻ ይጻፋሉ።

ጅብ ኩሱን የሚጥልበት የለመደው ቦታ አለው። መጀመሪያ ቦታውን ሙልጭ አድርጌ አጸዳለሁ፤ አለዚያ የአምናው ከዘንድሮው ይቀላቀላል። በሁለተኛው ጉዞ የምሰበስበው የጅብ ዱካ ያለበትን ብቻ ነው፤ አጥንት የበላ ውሻም ነጭ ኩስ ይጥላልና። ጅብ የሚያስታውከው የፀጉር ድቡልቡል ከኩስ ጋር አይቆጠርም። አባ ሰንጋ ሊኖርበት ስለሚችል ጓንትና ማስክ ግድ ነው። በላስቲክ የታሸገ ይሻግታል፤ የወረቀት ከረጢት ይሻላል።

ከደረቀ በኋላ ለብ ባለ ውኃ ዘፍዝፌ በወንፊት አጥባለሁ፤ ፀጉሩን በ70 በመቶ አልኮል አጽድቼ አደርቃለሁ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው። ዓይን ረጃጅሙን የጭራ ፀጉር ስለሚመርጥ ከብት ከልክ በላይ ይቆጠራል። ፀጉሩን ባለካሬ ወረቀት ላይ በትኜ ከየካሬው አንድ አንድ፣ በድምሩ 20 እወስዳለሁ። ስላይድ (የማይክሮስኮፕ መስታወት) ላይ ቀለም አልባ የጥፍር ቀለም በስሱ ቀብቼ ፀጉሩን አስተኛለሁ፤ ሲደርቅ እነቅለውና እንስሳውን የሚለየውን የፀጉሩን ቅርፊት አሻራ በማይክሮስኮፕ አያለሁ። ቀለሙ ከወፈረ ፀጉሩ ይሰምጣል፣ አሻራ አይወጣም። አሻራው የሚነጻጸርበትን ማመሳከሪያ ፀጉር ከአካባቢው እንስሳት ጀርባ፣ ሆድና ጭራ አስቀድሞ መሰብሰብ ነው። አህያና በቅሎ ሲያጠራጥሩኝ «የጋማ ከብት» ብዬ እመዘግባለሁ።

ፀጉር ጅቡ መብላቱን እንጂ መግደሉን አይናገርም። ገደል የተጣለ የሞተ አህያም ኩሱ ውስጥ ይገኛል። ለዚህ ባለቤቱን መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ግን «ጅብ ስንት በላብዎ?» ተብሎ ከተጀመረ ጥፋቱ ሁሉ የጅብ ይሆናል። «አባባ፣ ካለፈው መስከረም ወዲህ ስንት ከብት ሞተብዎ?» ብዬ እጀምራለሁ፤ በሽታ፣ ገደል፣ ሌባ፣ ጅብ እያልን አንድ በአንድ እንለያለን። ጅብ ያለበት ላይ ስንደርስ እንስሳው በረት ውስጥ ነበር ወይስ ውጭ አደረ? በረቱስ በር ነበረው?