ሺንፋን ረሳሽው እንዴ?

ኅዳር 2018 ነው፤ አፋር ላይ ሃይሊ ጉቢ የፈነዳ ሰሞን። አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመን፣ ከዚያም አልፎ ሕንድ ደረሰ። እኔ አንድ ኤፍ ኤም ጣቢያ ላይ የሳይንስ ፕሮግራም አዘጋጃለሁ። አለቃዬ "ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ እሳተ ገሞራ ነው፤ አንድ ነገር ሥሪበት" አለኝ። ወዲያው ቶባ ትዝ አለኝ።

ቶባ ለሬዲዮ የተፈጠረ ታሪክ ነው። ከዛሬ 74 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት፣ ኢንዶኔዥያ፣ ሱማትራ ደሴት ላይ ፈነዳ። 2,800 ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር የሚገመት ቅልጥ ዐለት ተፋ። የፈነዳበት ጉድጓድ ዛሬ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም ሐይቅ ነው። በዚያ ላይ እ.ኤ.አ. በ1998 ስታንሊ አምብሮዝ የተባሉ አሜሪካዊ ተመራማሪ ያቀረቡት መላ ምት አለ። ከፍንዳታው የወጣው የሰልፈር ጭጋግ ፀሐይን ጋረደ፤ ለዓመታት ብርድ ሆነ፤ የሰው ዘር ተመናምኖ ጥቂት ሺህ ሰው ብቻ ቀረ የሚል።

ስክሪፕቴ ላይ "መላ ምት" የሚለው ቃል ነበረ። እውነቱን ልናገር፣ ቀጥታ ስርጭት ላይ ሳነበው ዘለልኩት። የዓረፍተ ነገሩን ጉልበት የሚቀንስ መሰለኝ። "የሰው ዘር ለጥቂት ተረፈ!" አልኩ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ። ከሥሩ የሚያስፈራ ሙዚቃ አስገብተንበታል።

ቴክኒሻኑ በመስታወቱ በኩል ስልኩን አነሣና አሳየኝ። አንድ አድማጭ "ሺንፋን ረሳሽው እንዴ? መተማ እኮ ነው!" ብሎ ጽፏል። እኔ የዘፈን ምርጫ መስሎኝ "ሰላምታህ ደርሶናል" ብዬ አለፍኩት።

ማታ ቤቴ ገብቼ ነገሩ ከነከነኝና ፈለግኩት። ላብ አጠመቀኝ።

ሺንፋ ወንዝ ነው፣ ወደ ዓባይ የሚገባ። መተማ አካባቢ፣ ወንዙ ዳር፣ ጥንታዊ ሰዎች የሰፈሩበት ቦታ ተቆፍሮ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2024 "ኔቸር" መጽሔት ላይ ወጥቷል። ጥናቱን የመሩት ጆን ካፕልማን ናቸው፤ እነዚያ ሉሲ ከዛፍ ወድቃ ነው የሞተችው ያሉት ሰውዬ። አፈሩ ውስጥ ከፀጉር የቀጠነ የእሳተ ገሞራ መስታወት ተገኘ። ኬሚካላዊ ይዘቱ ሲመረመር የቶባ ሆነ። ወደ 7,000 ኪሎ ሜትር በንፋስ ተጉዞ መተማ ያረፈ ብናኝ! ዘንድሮ አመድ ከእኛ ወደ እስያ ሄደ፤ ያኔ ደግሞ ከእስያ ወደ እኛ መጥቶ ነበር።

ሰዎቹ ደግሞ አላለቁም። ከብናኙ በላይ ባለው አፈር ውስጥም የድንጋይ መሣሪያቸውና የበሉት እንስሳ አጥንት አለ። የሰጎን እንቁላል ቅርፊት ሲመረመር አካባቢው የባሰ መድረቁን አሳየ። የሚገርመው፣ በዚያ ድርቅ የሚበሉት ዓሣ ጨመረ። ትንንሽ ባለ ሦስት ማዕዘን የድንጋይ ስለቶችም አሉ፤ ተመራማሪዎቹ የቀስት ጫፍ ሳይሆኑ አይቀሩም ይላሉ።

እኔን ግራ ያጋባኝ ዓሣው ነው። ድርቅ ሆኖ ዓሣ እንዴት ይበዛል? እርማት ልሠራ ተቀምጬ አንዲቱን አንቀጽ አራት ጊዜ ጻፍኳት። አልሆነችም።

በነጋታው ሰርቪስ ውስጥ ሾፌራችንን ጠየቅኳቸው። የመተማ ሰው ናቸው።

"ጋሼ፣ በበጋ ሺንፋ ምን ይሆናል?"

"ይቆራረጣላ፣ ልጄ። መፍሰሱን ያቆምና እዚህ ኩሬ፣ እዚያ ኩሬ ይሆናል።"

"ዓሣውስ?"

"የት ይሂድ? ኩሬው ውስጥ ታጉሮ ይቀራል። ውኃው ባነሰ ቁጥር እሱ ይታጨቃል። እኛ ልጆች ሆነን በጆንያ ነበር የምናፍሰው።" በመስታወቱ አየት አደረጉኝ። "ይኼን ለማወቅ ነው ኮሌጅ የገባሽው?"

"ኩሬው ውስጥ ያለው ሲያልቅስ?"

"ወደሚቀጥለው ነዋ!"

ተመራማሪዎቹም የሚሉት ይኸንኑ ነው። ሰዎቹ ከኩሬ ወደ ኩሬ እየተሻገሩ የወንዙን መስመር ተከተሉ። ከአፍሪካ የወጡትም እንዲህ ባለ መንገድ ሊሆን ይችላል ይላሉ። እኔ ድርቅ ማለት ሰው የሚያልቅበት ብቻ መስሎኝ ነበር።

በሚቀጥለው ሳምንት እርማቱን አነበብኩ። አለቃዬ ደስ አላለውም። "ሰው ሊጠፋ ነበር ከሚለው ሰው ዓሣ በላ የሚለው ማንን ይስባል?" አለኝ። መተማን ብቻ አላወራሁም። ደቡብ አፍሪካ፣ ፒናክል ፖይንት ላይም የቶባ ብናኝ ተገኝቷል፤ እዚያም ሰው ኑሮውን አላቋረጠም። የማላዊ ሐይቅ ደለል ሲመረመርም ያ ሁሉ ዓመት የዘለቀ ከባድ ብርድ ምልክቱ አልታየም። ቶባ የትም ሰው አልጎዳም ማለቴ አይደለም፤ ሱማትራ አጠገብ የነበረ ሰው ምን እንደደረሰበት መገመት አያቅትም። "መላ ምት" የሚለውን ቃል ግን በዚያ ቀን ሦስት ጊዜ ጠራሁት። ሙዚቃውንም አስወጣሁ።

ማታ ሰርቪስ ውስጥ ስገባ ጋሼ ሬዲዮኑን ዘጉና ዞረው አዩኝ። ሲያዳምጡ ነበር።

"ጥሩ ነው" አሉ። "ጆንያውን ግን ለምን አልተናገርሽም?"