ፍልሰታና ቡሄ በዲዝኒ ወርልድ

አሥራ አራት ነገር የተጻፈበት ወረቀት ነበረኝ። በሰዓት በሰዓት የተከፋፈለ። ስንት ሰዓት በር ላይ እንደምንደርስ፣ መጀመሪያ የቱ ጋ እንደምንሰለፍ፣ መቼ ሽንት ቤት እንደምንሄድ ሳይቀር። የአውቶቡስ ሹፌር ስለሆንኩ ያለ ሰዓት መንቀሳቀስ አይሆንልኝም። ሚስቴ ወረቀቱን አየችና «ይሄ ሽርሽር ነው ወይስ ፈረቃ?» አለችኝ።

ከአሥራ አራቱ የተሳካው አራቱ ነው። ምክንያቱ እናቴ ናት።

እማዬ ከደብረ ብርሃን የመጣችው ሐምሌ ላይ ነው። የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ልጆቹን ፍሎሪዳ ያሉት የመዝናኛ ፓርኮች፣ ዲዝኒ ወርልድ፣ እወስዳችኋለሁ ማለት ከጀመርኩ ሦስት ዓመት አልፎኛል። ትምህርት ሳይከፈት፣ እሷም ሳትመለስ ብዬ ነሐሴ ላይ ፈቃድ ወሰድኩ። ነሐሴ ፍልሰታ መሆኑ ትዝ ያለኝ የፓርኩ መግቢያ ትኬት ከተቆረጠ በኋላ ነው።

በመኪና ሄድን። አይ 95 የሚባለውን አውራ ጎዳና ይዞ ቨርጂኒያ፣ ሁለቱ ካሮላይናዎች፣ ጆርጂያ፣ ከዚያ ፍሎሪዳ። ከ1,300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አውቶቡስ ነጂ ዕረፍቱን በመንዳት ሲጀምር አስቡት! ለአምስት ሰው የአውሮፕላን ዋጋ ካሰላሁ በኋላ ግን መሪው ቀለለኝ። ያረፍነው ኪሲሚ በምትባል ከተማ፣ በተከራየነው ቤት ነው። ከፓርኩ ሩቅ አይደለም። ሆቴል ያልመረጥነው ለማእድ ቤቱ ስንል ነው። ሽሮ የሚሠራበት ምድጃ ካለ ግማሹ ጭንቀት ቀርቷል።

እኔን ያስፈራኝ ምግቡ ሳይሆን ውሃው ነበር። እማዬ በፍልሰታ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ አትቀምስም። የፍሎሪዳ ነሐሴ ደግሞ በሩ የተዘጋ ሻወር ቤት ማለት ነው። «እማዬ፣ እዚህ እንደዚያ አይሆንም፣ ትወድቂያለሽ» ብላት፣ ብለምናት፣ ወይ ፍንክች። በመጨረሻ ደብረ ብርሃን የንስሐ አባቷ ጋ ደወልኩና ድምፁን ከፍ አደረግኩት። አባ ረጋ ብለው ሰሙኝ። «መንገደኛ ነሽ። ውሃውን ጠጪ፣ እህሉን እንደ አቅምሽ» አሏት። እኔ ስናገር ያልገባው ነገር እሳቸው ሲናገሩ ገባ። «ይሁን አባቴ» አለች።

በማግስቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ጫማ ስናስር፣ የአሥራ አንድ ዓመቷ ልጄ ስልኳን ይዛ እየሮጠች መጣች። «እማማ! ደብረ ብርሃን አሁን ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ መብላት ትችያለሽ!» ልጅቷ ሰባቱን ሰዓት ልዩነት አስልታ ነው። እማዬ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «ጾሜን በስልክ ልታስፈቺኝ ነው?»

የመጀመሪያው ቀን ከዲዝኒ ፓርኮች አንዱ፣ የእንስሳቱ፣ አኒማል ኪንግደም ነበር። ምግብ ይዞ መግባት ይቻላል፤ አልኮልና የጠርሙስ ዕቃ ነው የማይፈቀደው። እማዬ ይህን ስትሰማ ለሦስት ቀን ሳይሆን ለሦስት ወር የሚበቃ ስንቅ አዘጋጀች። ቆሎ፣ ዳቦ፣ ሙዝ፣ ሽሮ ተጠቅልሎበት ፎይል የለበሰ እንጀራ። በሩ ላይ ጥበቃው የቆሎውን ላስቲክ ከፍ አድርጎ አየና ምንድን ነው አለ። እሷ አንድ እፍኝ ዘገነችለት። እንግሊዝኛ አትችልም፤ ግን እጇን ዘርግታ ቆማ ስትጠብቀው እምቢ ማለት አልቻለም። ቀመሰ። አውራ ጣቱን አሳየን።

ዊልቸር ልከራይላት ፈልጌ ነበር። እነዚህ ፓርኮች ውስጥ በቀን አሥር ኪሎ ሜትር መራመድ ቀላል ነው። «ሽባ ነኝ እንዴ?» አለችኝ። ሚስቴ ገብታ «እማማ፣ እርስዎ ባይቀመጡም ዕቃ ይይዝልናል» ስትላት ተስማማች። ከዚያ በኋላ የሆነውን ፎቶ አንስቼዋለሁ። የሰባ ዓመት ሴት፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ዊልቸር ትገፋለች። ወንበሩ ላይ የአምስት ዓመቱ ልጄ አይስክሬሙን ይዞ ተንፈላስሷል።

ፓርኩ ውስጥ ሐራምቤ የሚባል የምሥራቅ አፍሪካ መንደር ሠርተዋል። ግድግዳው የተሰነጣጠቀ፣ ቀለሙ የተላላጠ። ያረጀ እንዲመስል ሆን ተብሎ የተለፋበት ነው። ልጄ ከዊልቸሩ ላይ ዙሪያውን ቃኘና «አባዬ፣ አንተ የተወለድከው እዚህ ነው?» አለ። በእንግሊዝኛ ነው፣ ጮክ ብሎ። ከኋላችን ያሉት ሳቁ። ምን እንደምመልስ ገና ሳስብ፣ እማዬ ግድግዳውን በእጇ ዳሰሰችና «ይህን የመሰለ ቤት ምነው ቀለም ነፈጉት?» አለች።

ሳፋሪው ግን ደስ ይላል። በክፍት መኪና ሃያ ደቂቃ ያህል ሰፊ ሜዳ ውስጥ ትዞራላችሁ። አጥሩ በቦይና በቁጥቋጦ ስለተደበቀ አንበሳው ካንተ ጋር ሜዳ ላይ ያለ ይመስላል። ጠዋት ሂዱ፤ ፀሐይ ስትበረታ እንስሳቱም እንደ ሰው ጥላ ይፈልጋሉ። መኪናው መንገጫገጭ ሲጀምር፣ መንገዱን ልብ ብዬ አየሁት። የጎማ ዱካውና ጎርበጥባጣው ራሱ በኮንክሪት ተቀርጾ የተሠራ ነው። ለእማዬ ነገርኳት። «ለኮረኮንች ነው እንዴ ይህን ሁሉ ብር የከፈልከው? ደብረ ብርሃን በነፃ ነበር።» ወዲያው ደግሞ ቀጭኔ መጣ። ዝም አለች። በሕይወቷ ቀጭኔ አይታ አታውቅም። እኔም አዲስ አበባ ስኖር አንድም ፓርክ ሄጄ አላውቅም። የአፍሪካን እንስሳ ለማየት ሁለታችንም ኦርላንዶ መጣን።

ሁለተኛው ቀን ሌላው ፓርክ፣ ኤፕኮት ነበር። በወረቀቴ አናት ላይ የነበረው በፈጣን መኪና የሚያስፈተልክ መጫወቻ ነው። ሰልፉ ረጅም ሆነብን። ልጆቹ ተነጫነጩ። ሚስቴ ጥላ ያለበት ቦታ እንግባ ብላ በአጋጣሚ ያስገባችን «ዘ ላንድ» የሚባለው ሕንፃ ውስጥ ነው። እዚያ በጀልባ የሚኬድበት አሥራ አራት ደቂቃ ያህል የሚፈጅ ጉዞ አለ። ወረቀቴ ላይ አልነበረም። ስለ ፓርኩ ባየኋቸው ቪዲዮዎች ላይ ወጣቶቹ «እንቅልፍ የሚያስወስድ» ሲሉት ስለሰማሁ ትቼዋለሁ።

ጀልባዋ መጀመሪያ ጨለማ ውስጥ ስለ መሬትና ስለ ገበሬ የሚተርክ ትርኢት ታሳያለች። ከዚያ በድንገት ብርሃን ነው። መስታወት ቤት። የእውነት እርሻ። ሙዝ፣ ፓፓያ፣ ዱባ፣ ቲማቲም፣ ዱባው ከላይ እንደ ፋኖስ ተንጠልጥሎ። ከሚመረተው የተወሰነው እዚያው ፓርኩ ምግብ ቤቶች ይቀርባል።

እማዬ ከመቀመጫዋ ብድግ ልትል ስትል ያዝኳት።

«አፈሩስ?»

«አፈር የለውም።»

«ሥሩ አየር ላይ ተንጠልጥሎ?»

«ውሃ ይረጩበታል። ማዳበሪያው ውሃው ውስጥ ነው።»

«ውርጭ አይመታውም?»

«ጣሪያ አለው እኮ።»

«አረምስ?»

«አፈር ከሌለ አረም ከየት ይመጣል?»

ትንሽ አሰበች። «ታዲያ ገበሬው ምን ይሠራል?»

ልጄ ሳቀች፤ እማዬ ግን የእውነት ነው የጠየቀችው። የደብረ ብርሃንን ውርጭ የሚያውቅ ይገባዋል። በአንድ ሌሊት የዓመት ባቄላ የሚያከስል ውርጭ ነው። ከጀልባው ስንወርድ «እንደገና» አለች። እንደገና ተሳፈርን። በሁለተኛው ዙር እኔ ከኋላ ነበርኩ፤ ከፊት እሷና ልጄ። እማዬ ልጅ እያለች የአባቷን ገብስ ከዝንጀሮ እንደምትጠብቅ ትነግራታለች። ማማ ላይ ወጥታ፣ ወንጭፍ ይዛ፣ ቀኑን ሙሉ። ልጄ «ትምህርት ቤትስ?» አለቻት። «ዝንጀሮው ቅዳሜና እሁድ የለው» አለቻት እማዬ። ይህን ታሪክ እኔም ሰምቼው አላውቅም ነበር። ሦስተኛ ዙር የጠየቀችው ልጄ ናት።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ መጣ። በዚህ ወቅት ፍሎሪዳ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ የተለመደ ነው፤ መብረቅ ካለ ደጅ ያሉት መጫወቻዎች ይቆማሉ። ጠዋት እማዬ ጥቁር ጃንጥላዋን ስትይዝ ልጆቹ አፍረውባት ነበር። «ነሐሴ አይደለም እንዴ?» ነበር መልሷ። ዝናቡ ሲወርድ አራቱም ጃንጥላዋ ሥር ገቡ፤ እኔ ውጭ ቀረሁ። ብዙ ሰው ልጁን እያቀፈ ወደ መኪናው ሮጠ። አትሂዱ። አንድ ሰዓት ያህል ታገሡ። ሲያባራ ሰልፉ ሳስቶ ነበር፣ የተመኘሁት ፈጣን መኪናም ተገኘ። ከሳፋሪው ቀጥሎ ከወረቀቱ የተሳካው ሁለተኛው ይሄ ነው።

ሦስተኛው ቀን ማጂክ ኪንግደም። ቤተ መንግሥቱ ያለበት፣ እ.ኤ.አ. በ1971 ከሁሉም ቀድሞ የተከፈተው። ስፔስ ማውንቴን የሚባለው ሮለር ኮስተር ላይ ለመውጣት ቁመት 112 ሴንቲ ሜትር መሆን አለበት። ልጄ 109 ነው። ሠራተኛዋ መለኪያውን አሳየችው፣ ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ። እማዬ ነገሩ ሲተረጎምላት «በምን ለኩት?» አለች። ከዚያ ቀኝ እጁን ይዛ በአናቱ ላይ አዞረችና ጣቱን ግራ ጆሮው ላይ አሳረፈች። «ይኸው ጆሮውን ይነካል! ደርሷል!» እኔም አንደኛ ክፍል የገባሁት በዚሁ መለኪያ ነው። ለሠራተኛዋ እንዴት ብዬ ልተርጉም? ልጁ ግን ለቅሶውን ረስቶ ጆሮውን ደጋግሞ መንካት ያዘ።

እሱና አያቱ ፒፕል ሙቨር የሚባለውን ዝግ ያለ ባቡር ተሳፈሩ። ቁመት አይጠይቅም፣ አሥር ደቂቃ ያህል ከፍ ብሎ ይዞራል፣ ነፋስ አለው። እኛ ስፔስ ማውንቴን ገባን። አያት ላልያዘ ሰው ራይደር ስዊች የሚሉት አሠራር አለ፦ አንዱ ወላጅ ከትንሹ ጋር ይጠብቃል፣ ሌላው ይጫወታል፣ ከዚያ የጠበቀው ረጅሙን ሰልፍ ሳይደግም ይገባል። ሮለር ኮስተሩ በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የሚሄደው። እኔ አውቶቡሴን ከዚያ በላይ እነዳለሁ። ግን ጨለማ ነው፣ መንገዱ አይታይም፣ ፍሬኑ ደግሞ በእጄ አይደለም። ጮህኩ። ፒፕል ሙቨሩ በዚያው ሕንፃ ውስጥ ያልፋል ለካ። ስንገናኝ እማዬ ፊቷ ተለዋውጧል። «እዚያ ጨለማ ውስጥ ሰው ሲጮህ ሰማሁ። ደህና ናቸው?»

እግሯ ሲደክም መግቢያው አጠገብ ካለው ሐውልት ጋ አረፍን። ሮይ ዲዝኒ ከካርቱኗ አይጥ ከሚኒ ማውስ ጋር አግዳሚ ላይ ተቀምጦ። ማነው አለችኝ። ፓርኩን ያሰበው ዋልት ዲዝኒ እ.ኤ.አ. በ1966 ሞተ፤ ቦታው ተገዝቶ ነበር እንጂ ገና አልተሠራም። ጡረታ ሊወጣ የነበረው ታላቅ ወንድሙ ሮይ ቀረና ጨረሰው፣ በወንድሙም ስም ሰየመው። በተከፈተ በሦስተኛው ወር እሱም አረፈ። እማዬ ነሐሱን እጅ ዳበስ አደረገችው። «ነፍስ ይማር» አለች፤ ለማንም ሐዘንተኛ እንደምትለው።

ያ ቀን ነሐሴ 12 ነበር። የቡሄ ዋዜማ። ማታ ርችቱ በቤተ መንግሥቱ ላይ ሲተኮስ እኛ ከመሐል ሕዝቡ ራቅ ብለን ቆመናል። ሰው ሁሉ ስልኩን ወደ ላይ ዘርግቷል። ትንሹ ጆሮውን ያዘ። እማዬ አቀፈችውና ልጄን ጠራቻት። «ችቦ የምናበራው ለዚህ ነው። በደብረ ታቦር ብርሃን ታየ። ጅራፍ ስናጮህ ደግሞ እንደ ነጎድጓዱ ነው።» ልጄ ወደ ሰማይ አየች። «ደብረ ብርሃንም እንዲህ ነው?» «አነስ ይላል» አለች እማዬ።

ጠዋት ከመውጣታችን በፊት ሊጥ አቡክታ ነበር። ማታ ስንመለስ በፍሎሪዳ ሙቀት ኩፍ ብሎ፣ ክዳኑን ጥሎ ጠረጴዛው ላይ ወጥቷል። ግማሽ ለሊት ሊሆን ምንም አልቀረው፣ እሷ ሙልሙል ትጋግራለች። ልጆቹን ደጅ አስወጣቻቸው። መኪና ውስጥ መጨፈሪያውን አስተምራቸው ኖሯል። ትንሹ የመጥረጊያውን እንጨት ይዞ መሬቱን እየደቃ፣ ግጥሙን ግማሹን እየፈጠረ ያወጣል፤ እህቱ «ሆ!» ትላለች። ማዶ ያለው ቤት መብራት በራ። እኔ በእጄ ይቅርታ እያልኩ ቆምኩ። እማዬ በሩን ከፈተች፣ ለሁለቱም አንዳንድ ሙልሙል ሰጠች፣ መረቀች። ትንሹ ወዲያው «ነገስ የማን በር እንሄዳለን?» አለ።

በበነጋው ጉዞ ወደ ቤት። ጆርጂያ ገብተን ነዳጅ ስቀዳ ራበኝ። እማዬ ከኋላ ወንበር የተጠቀለለ ሙልሙል አቀበለችኝ። ዳቦውን ገምጬ መጠቅለያውን ልጥል ስል የራሴን ጽሕፈት አየሁ። «3 ሰዓት፦ በር ላይ። 3 ሰዓት ከ10፦ ሰልፍ።»

«ይፈለግ ነበር እንዴ?» አለችኝ።

«የለም እማዬ» አልኳት። «ሌላ ሙልሙል አለ?»