የዜግነት ሕግ ሲጸድቅ ድምፁ በማን እጅ ነበር?

መጤዎችን ዜጋ የሚያደርጉና የማያደርጉ አገሮችን ሳወዳድር ባህልን ለጊዜው ወደ ጎን ተውኩት። «ጀርመን በደም፣ ፈረንሳይ በትውልድ ቦታ ዜግነት ትሰጣለች» የሚባለው ለፈተና ይመቻል። ግን የጀርመኖች ባህል በአንድ ዓመት አይለወጥም፤ ሕጋቸው ግን ተለወጠ። ስለዚህ ጥያቄዬን አጠበብኩት፦ በዚያን ሰሞን ሕጉን ማጽደቅ የሚችለው ማን ነበር? ማገድስ?

ለእያንዳንዱ አገር ሰንጠረዥ ሠራሁ። ረቂቆቹን ከነማሻሻያቸው፣ የምርጫ ቀኖቹንና የምክር ቤት መቀመጫዎቹን ጎን ለጎን አስቀመጥኩ። አሰልቺ ነው፣ አልዋሽም። ጀርመን ላይ ስደርስ ግን ድካሙ ካሰኝ።

እ.ኤ.አ. በ1998 ሥልጣን የያዙት ሶሻል ዴሞክራቶችና አረንጓዴዎች ሁለት ዜግነት መያዝን በሰፊው ሊፈቅዱ አሰቡ። ተቃዋሚዎቹ ክርስቲያን ዴሞክራቶች ፊርማ ማሰባሰብ ጀመሩ። በፌብሩዋሪ 1999 የሄሰን ግዛት ምርጫ ተካሄደ። ገዢዎቹ ተሸነፉ፤ በቡንደስራት፣ ማለትም በግዛቶቹ ምክር ቤት፣ የነበራቸውን አብላጫም አጡ። ከዚያ ወዲያ የሌላ ፓርቲ፣ የነፃ ዴሞክራቶቹን፣ ድጋፍ መለመን ግድ ሆነ። አንድ ግራ የሚያጋባ አንቀጽ የተወለደው እዚህ ነው። ከ2000 ጀምሮ ከውጭ ዜጋ ወላጆቹ አንዱ በጀርመን በሕጋዊ መንገድ 8 ዓመት የኖረ ከሆነ እዚያ የተወለደው ልጅ ሲወለድ ጀርመናዊ ይሆን ነበር፤ 23 ዓመት እስኪሞላው ግን ከሁለቱ ዜግነቶች አንዱን መምረጥ ነበረበት (የመምረጡ ግዴታ በ2014 ላላ፣ በ2024 ቀረ)። ሕጉን ብቻ ያነበበ ሰው ስለ አገር ማንነት ጥልቅ ፍልስፍና ይፈልግበታል። ነገሩ የድምፅ ሒሳብ ነው።

ጫጫታ ያልተሰማባቸውን ዓመታት ማየትም ጠቅሞኛል። በ1993 ጀርመን ውስጥ ለ15 ዓመት የኖሩ የውጭ ዜጎች ዜግነት የመጠየቅ መብት አገኙ። መብቱ የመጣው ጥገኝነትን ካጠበቀው የትልልቆቹ ፓርቲዎች ስምምነት ጋር ተጠቅልሎ ነው። ስለዚህ ሕዝቡን አደባባይ የሚጠራበት ትልቅ ፓርቲ አልነበረም። የሕዝብ አስተያየት ጥናትን ብቻውን ማመን የተውኩት ያኔ ነው። ቅሬታ ቢኖር እንኳ የሚያራግበው ካልተገኘ ድምፅ አይሆንም።

አራጋቢው ግን የግድ ጽንፈኛ ፓርቲ አይደለም። አየርላንድ በ2004 በሕዝበ ውሳኔ፣ በ79 በመቶ ድጋፍ፣ እዚያ የተወለደ ሁሉ ወዲያው ዜጋ የሚሆንበትን ሥርዓት አስቀረች። በምክር ቤቷ ጠንካራ ፀረ ስደተኛ ፓርቲ አልነበረም። ሐሳቡን ያመጣው ራሱ መንግሥቱ ነው።