ከብቱን ማን ይጠብቅ?

ስለ ገጠር ትምህርት ሳነብ አመሸሁ። እንቅልፍም እምቢ አለኝ። የተመላለሰብኝን ልጻፈው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።)

መንግሥታት ድሃውን ገጠር ለማስተማር ሲነሱ ቀድመው የሚነኩት ክፍያን ነው። ክፍያው ይነሳል፣ ልጆች ይጎርፋሉ። ማላዊ በ1994 የአንደኛ ደረጃ ክፍያን ስታስቀር የተማሪዋ ቁጥር ከ1.9 ሚሊዮን ገደማ ወደ 3 ሚሊዮን ገደማ ዘለለ። መምህርና ክፍል ግን በአዋጅ አይባዛም። ክፍሎቹ ተጨናነቁ፤ ያልሠለጠኑ መምህራንም በጥድፊያ ተቀጠሩ።

ክፍያ መነሳቱን አልጠላም። ግን የድሃ ገበሬ ወጪ እሱ ብቻ አይደለም። ልጁ ክፍል ሲውል ከብት የሚጠብቅ፣ ውሃ የሚቀዳ፣ ታናሹን የሚይዝ እጅ ከቤት ይጎድላል። «አባትየው የትምህርት ጥቅም አልገባውም» የሚሉ ሰዎች ያናድዱኛል። በደንብ ገብቶታል። የሚበላው የዛሬውን ነው፤ ትምህርቱ የሚከፍለው ግን ከዓመታት በኋላ ነው። እንደዚህ ያለ ብድር እኔም ብሆን እፈራለሁ።

ይህ የገባው ሰው ያረቀቀው የሚመስለኝ በ1997 የተጀመረው የሜክሲኮ ፕሮግሬሳ ነው፤ ለድሃ ቤተሰቦች ገንዘብ ይሰጥ የነበረ የመንግሥት ፕሮግራም። ገንዘቡ የሚሰጠው ለእናቶች ነበር። ልጆቹ ቢያንስ 85 በመቶውን የትምህርት ቀን መገኘት ነበረባቸው፤ ቤተሰቡም ጤና ጣቢያ መመላለስ ነበረበት። ደስ ያለኝ ክፍያው የተቀመረበት መንገድ ነው። ክፍል ከፍ ሲል ገንዘቡም ከፍ ይል ነበር፤ ልጁ ባደገ ቁጥር ጉልበቱ ለቤቱ የበለጠ ይፈለጋላ! ቀድመው የሚያቋርጡት ሴቶች ስለሆኑ ደግሞ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ለእነሱ ጨመር ተደርጎ ይሰጥ ነበር። ለውጡም ጎልቶ የታየው እዚያው ሁለተኛ ደረጃ ላይ ነው።

ኮሎምቢያዎች በ1970ዎቹ በጀመሩት ኤስኩዌላ ኑዌቫ («አዲስ ትምህርት ቤት») በተባለ የገጠር ማስተማሪያ ዘዴ ደግሞ ልጁ በራሱ ፍጥነት ይማራል። ለአዝመራ ቀርቶ ቢመለስ ካቆመበት ይቀጥላል እንጂ ክፍል አይደግምም። ይህን ለማሰብ የግድ ሀብታም አገር መሆን አያስፈልግም።

የመንገዱ ርቀትም አለ። የሕንዷ ቢሃር ከ2006 ጀምሮ ዘጠነኛ ክፍል ለሚገቡ ሴት ልጆች ብስክሌት መግዣ ሰጠች። በቃ፣ ብስክሌት! ሙራሊድሃራንና ፕራካሽ የተባሉ ተመራማሪዎች ሲያጠኑት የሴቶቹ ምዝገባ በ32 በመቶ ጨምሮ አገኙት። ይበልጥ የጠቀመው ትምህርት ቤት ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ በሚርቅባቸው መንደሮች ነው።

ግን ኑሮ ይለወጣል ወይ? ኢንዶኔዥያ ከ1973 ጀምሮ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በነዳጅ ገንዘቧ ከ61 ሺህ በላይ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሠራች። የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዋ ኤስተር ዱፍሎ ያንን ትውልድ ካደገ በኋላ በ1995 መረጃ መረመረችው። ለ1,000 ልጆች አንድ ትምህርት ቤት ሲጨመር የወንዶቹ ደመወዝ ከ1.5 እስከ 2.7 በመቶ ከፍ ብሏል። ያንሳል የሚል ይኖራል። ለእኔ አያንስም። ግን ሃያ ዓመት ገደማ ፈጅቷል። የትኛው ሚኒስትር ነው ሃያ ዓመት የሚጠብቀው?

የሚከነክነኝ ሌላ ነገር ነው። ጥናቱ ሰዎቹን የመደባቸው በተወለዱበት ወረዳ ነው፤ አሁን በሚኖሩበት አይደለም። ትክክልም ነው፤ ትምህርት ቤቱ የጠቀመው ሰውየውን ነውና። ግን ተምሮ ከተማ የገባው ልጅ ደመወዝ ሲያድግ መንደሩ አብሮ አደገ ማለት አይደለም። ገንዘብ የሚልክ አለ፣ የማይልክም አለ። በመሄዱ አልፈርድበትም፤ እኔም ብሆን እሄዳለሁ። «ትምህርት የገጠሩን ኑሮ አሻሻለ» የሚል ሪፖርት ሲያጋጥመኝ ግን መጀመሪያ የምፈልገው ተማሪዎቹ አሁን የት እንደሚኖሩ ነው። አብዛኛውን ጊዜ አላገኘውም።