«ጥሎሻል?» ከሚለው ጥያቄ በኋላ

ለሚጥል በሽታዬ ቀጠሮ በሄድኩ ቁጥር መጀመሪያ የምጠየቀው «ከባለፈው ወዲህ ጥሎሻል?» ተብዬ ነው። «አልጣለኝም» ስል ሐኪሙም ደስ ይለዋል፣ እኔም ደስ ይለኛል፤ መድኃኒቱ ይታዘዛል፣ ወጥቼ እሄዳለሁ። አለመጣሉ ቀላል ነገር አይደለም። መንገድ ላይ ወድቆ፣ ምላሱን ነክሶ፣ በማያውቃቸው ሰዎች ተከቦ የነቃ ሰው ያውቀዋል። ሆኖም ከቀጠሮ እስከ ቀጠሮ ያለው ኑሮዬ ከክኒኑ ጋር ነው፤ ክኒኑ ምን እያደረገኝ እንደሆነ ራሴ ካልተናገርኩ የሚጠይቀኝ የለም። ይሄን መጻፍ የጀመርኩትም ለዚህ ነው።

የመጀመሪያዬ ፌኖባርቢታል ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1912 ጀምሮ ለሚጥል በሽታ የሚሰጥ አንጋፋ መድኃኒት ነው፤ ርካሽ ስለሆነ ዛሬም ብዙ ሕመምተኞች ውለው የሚያድሩት በእሱ ነው። እኔንም ረድቶኛል። ግን ማታ የዋጥኩት ጠዋትም አይለቀኝም፤ ከሰውነት ግማሹ እንኳን እስኪወጣ ቀናት ይፈጃል። አንድ ገጽ አንብቤ ስጨርስ መጀመሪያው ላይ ምን ተብሎ እንደነበር ይጠፋኛል። ሰው ሲያናግረኝ መልሱ አለኝ፤ አፌ ላይ እስኪደርስ ግን ሰውየው ሌላ ወሬ ጀምሯል። «ሰነፍ ሆነች» ተባልኩ። ይኸው መድኃኒት ትንንሽ ልጆችን አንዳንዴ በተቃራኒው ያቅበጠብጣል። ስንቱ ልጅ በክኒኑ ጠባይ ባለጌ ተብሎ ተገርፎ ይሆን እያልኩ አዝናለሁ።

ቀጥሎ ፌኒቶይን መጣ። እንቅልፉ ለቀቀኝ፤ ተመስገን አልኩ። ከወራት በኋላ ጥርሴን ስቦርሽ ደም ማየት ጀመርኩ። መስታወት ፊት ቆሜ ከንፈሬን ገልብጬ ሳይ ድዴ አብጦ በጥርሶቼ መሀል ገብቷል፤ የፊት ጥርሶቼ አጥረዋል። ስስቅ አፌን በእጄ መሸፈን ለመድኩ። የመድኃኒቱ ሥራ መሆኑን የነገረችኝ የጥርስ ሐኪም ናት፤ ጥርስን በደንብ ማጽዳት እብጠቱን እንደሚቀንሰውም ያስረዳችኝ እሷው ናት። ፌኒቶይን ሌላም አስቸጋሪ ጠባይ አለው። ጉበት ሊያስወግደው የሚችለው የተወሰነ ነው፤ ያ ልክ ከሞላ በኋላ መጠኑ ላይ ትንሽ ሲጨመር ደም ውስጥ ያለው በብዙ ይንራል። መጠኑ ከፍ የተደረገልኝ ሰሞን ግድግዳ እየያዝኩ ነበር የምራመደው፤ ዓይኔ ይርገበገባል፣ ንግግሬ ይጎተታል። ያየኝ ሁሉ የጠጣሁ መሰለው። ደሜ ተመርምሮ መጠኑ ሲቀነስልኝ ቆመ።

ካርባማዜፒንን ብዙም አልቆየሁበትም፤ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ይታየኝ ነበር፣ ደሜ ውስጥ ያለው ሶዲየምም ስለወረደ ተቀየረልኝ።

ቫልፕሮኤትን ወስጄ አላውቅም። ለምን እንዳልወሰድኩ ግን መጻፍ እፈልጋለሁ፤ ለሌላ ሴት ይጠቅም ይሆናል። መድኃኒቱ ጠንካራ ነው፤ ለአንዳንድ የሕመሙ ዓይነቶች የሚስተካከለው የለም። ነገር ግን በእርግዝና ጊዜ ከተወሰደ ከ100 ሕፃናት 10 ያህሉ የአካል ጉድለት ይዘው ይወለዳሉ፤ ከ30 እስከ 40 የሚሆኑት ደግሞ ንግግርን፣ ትምህርትንና ጠባይን የሚነካ የእድገት ችግር ሊገጥማቸው ይችላል። ይህ ሳይነገራት ክኒኑን የምትውጥ ሴት መኖር አልነበረባትም። እየወሰደች ያረገዘችም ብትሆን በራሷ አታቋርጥ፤ ዛሬ ነገ ሳትል ሐኪሟን ታግኝ። የሚጥል በሽታ መድኃኒት ድንገት ሲቆም ከ5 ደቂቃ በላይ የማያቋርጥ መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል፤ ያ ደግሞ ሕይወት ያጠፋል።

አሁን ያለሁበት ሌቬቲራሴታም ነው። ድዴን አልነካም፣ ከሌሎች መድኃኒቶችም ጋር ብዙ አይጣላም። የነካው ጠባዬን ነው። አንድ ማታ ታላቅ እህቴ ሳህን ስታስቀምጥ ማንኪያው ጮኸ፤ ያ ድምፅ ብቻ ሰውነቴን አጋለው፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ ጮህኩባት። ሲበርድልኝ ምን እንዳናደደኝ መናገር አልቻልኩም። እሷ አልተቀየመችኝም። «ይሄን መድኃኒት ከጀመርሽ ወዲህ ነው እንዲህ የሆንሽው፤ ጻፊውና ለሐኪሙ ንገሪው» አለችኝ። ፋርማሲስቱን ስጠይቀው ንዴትና ድባቴ የዚህ መድኃኒት የታወቁ የጎንዮሽ ጉዳቶች መሆናቸውን ነገረኝ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደርም እ.ኤ.አ. በ2008 ለሚጥል በሽታ የሚሰጡ መድኃኒቶች ራስን የማጥፋት ሐሳብ ሊያመጡ እንደሚችሉ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍባቸው ወስኗል። ይህን ያህል ከባድ ነገር በሁለት ደቂቃ ቀጠሮ መታለፉ ያንገበግበኛል። ሕመምተኛው በሽታው ራሱ እንዳይመለስበት ስለሚፈራ ዝም ይላል፤ ዝም ሲል ደግሞ ደህና ነው ይባላል።

በዛሬው ቀጠሮ «አልጣለኝም» ብዬ አላቆምኩም። «ግን» ብዬ ደብተሬን ዘረጋሁ። ሐኪሙ ብዕሩን አስቀምጦ እስከ መጨረሻው አነበበው፤ እህቴ የምትለውንም ጠየቀኝ። ወደ ላሞትሪጂን ቀስ በቀስ እንድሻገር ተስማማን። ለሁለት ሳምንት በቀን 25 ሚሊግራም፣ ከዚያ ለሁለት ሳምንት 50፤ አዲሱ ቦታውን እስኪይዝ ሌቬቲራሴታሙ አይቆምም። መዘግየቱ ደስ ባይለኝም ምክንያቱ ገብቶኛል፤ ላሞትሪጂን ተቻኩሎ ከተጨመረ ቆዳን ሊልጥ የሚችል አደገኛ ሽፍታ ያመጣል። «ሽፍታ ካየሽ፣ ይልቁንም ትኩሳት ወይም የአፍ ቁስል ከታከለበት፣ ቀጠሮ አትጠብቂ፤ በዚያው ሰዓት ነይ» አለኝ። ለእህቴም ነግሬያታለሁ፤ ጀርባዬን የምታይልኝ እሷ ናትና።

ለሚቀጥለው ቀጠሮ የምጠይቀውን ከአሁኑ ጽፌያለሁ። ኢስትሮጅን ያለበት የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል የላሞትሪጂንን መጠን ደም ውስጥ ዝቅ ያደርገዋል፤ እንክብሉን ብጀምር መጠኑ ይስተካከልልኛል ወይስ ሌላ መቆጣጠሪያ ልምረጥ? ከሥሩ ደግሞ ፌኖባርቢታልና ፌኒቶይን ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ አጥንት ስለሚያሳሱ ቫይታሚን ዲ እንዲለካልኝ ብዬ ጨምሬበታለሁ።